ስደተኛውና ባለ አገሩ



ባለፉት ሳምንታት በጥናት ክፍላችን ስለ ስደተኞች ርዳታ ስንነጋገር ከአባላት አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ተነሥቷል። ይኸውም «የገዛ ወገናችን ተቸግሮ ሳለ ከውጭ ለመጣ ሰው ስንዴና ሸራ የሚታደለው ስለምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄውን ያነሡት ልበ ደንዳኖች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ከመካከላችን እንጀራው ተቆጥሮ የሚቀርብበት ቤት ልጆች አሉ። ስለዚህ ጥያቄውን በተግሣጽ ከመዝጋት ይልቅ ነገሩን ከሥሩ መመርመር የተሻለ መስሎ ስለ ታየን ያጠናነውን በዚህ ጽሑፍ አቅርበንላችኋል።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በተለመደው አነጋገራችን ከቀዬው የተነሣውን ሰው ሁሉ ስደተኛ እንለዋለን። በሕግ ቋንቋ ግን ስደተኛ የሚባለው የአገሩን ድንበር የተሻገረው ነው። በገዛ አገሩ ውስጥ ከወረዳ ወደ ወረዳ የሸሸው ተፈናቃይ ይባላል፤ ርዳታ የሚደርሰውም በሌላ መንገድ ነው። ሥራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገር የሄደች እኅታችንም ምንም ያህል መከራ ቢደርስባት በዚህ ሕግ መሠረት ስደተኛ አትባልም። ይህ ልዩነት ለተቸገረው ሰው ትርጉም የሌለው ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በመዝገብ ላይ የሚሰፈረው ስም የሚሰጠውን ራሽን፣ ትምህርትና መታወቂያ ይወስናል።

ሐምሌ 21 ቀን 1943 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1951) በጄኔቭ የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ወገኑ ወይም በፖለቲካ አስተሳሰቡ ምክንያት እንዳይሳደድ ፈርቶ የወጣውን ነው። ስምምነቱ የተጻፈው የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ስደተኞች በማሰብ ስለ ነበር ከዚያ ዓመት በኋላ የሆነውን ነገር አይመለከትም ነበር፤ ገደቡ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣው ፕሮቶኮል ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ደግሞ የራሱን ስምምነት አወጣ። የተፈረመውም እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም፣ ማለት በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ይህ ስምምነት የውጭ ወረራን፣ የባዕድ አገዛዝንና የአገርን ጸጥታ ክፉኛ ያወከ ሁኔታን ሸሽቶ የወጣውንም ስደተኛ ብሎ ይቀበላል። በመሆኑም ከጦርነት የሸሸች እናት ጠመንጃው በእርሷ ላይ ተነጣጥሮ እንደ ነበር በማስረጃ እንድታረጋግጥ አትጠየቅም። መንደሯ መቃጠሉ ይበቃል። በእኛ አስተያየት አፍሪካ ለዓለም ሕግ ካበረከተቻቸው ነገሮች ከፍ ያለው ይህ ነው፤ በትምህርት ቤት ግን ሲነገር አንሰማም።

ስለ ስደተኛ ሲነሣ የአክሱምን ንጉሥ እንግዳ ተቀባይነት፣ በጽጌ ወራትም የእመቤታችንን ወደ ግብፅ መሰደድ እናወሳለን። መልካም ነው። ነገር ግን በእኛና በወላጆቻችን ዕድሜ የሆነውን ብናውቅ ለጥያቄው የበለጠ ይቀርባል።

በ1977 ዓ.ም ከድርቁና ከጦርነቱ የተነሣ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ከትግራይ፣ ከኤርትራና ከጎንደር በኩል ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገረ። ከጣቢያዎቹ አንዱ በገዳሪፍ አውራጃ የሚገኘው ኡም ራኩባ ነበር። ቤተ እስራኤላውያንም በዚያ አልፈዋል፤ በዚያው ዓመት በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ከተወሰዱት መካከል ብዙዎቹ ከዚሁ ጣቢያ የተነሡ ናቸው፤ ሳይደርሱ በዚያው የተቀበሩትም ጥቂት አይደሉም። ከዓመታት በኋላ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም የትግራይ ጦርነት ከተነሣ በኋላ፣ ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ40 ሺህ የሚበልጥ ሰው ድንበሩን ተሻገረ፤ ኋላም ከ60 ሺህ አለፈ። የርዳታ ድርጅቶች መኪና ከመድረሱ በፊት ለተሻጋሪው ምግብና ማረፊያ የሰጡት የሐምዳዬት ነዋሪዎች ናቸው፤ እነርሱም ድኾች ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ አልፎ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ዕለቱ የእኛ ቀዳም ሥዑር ነበር። እኛ ለትንሣኤ ቄጤማ ስናስር ሱዳናውያን ሻንጣ ያስሩ ነበር። በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ አገራችን ገቡ፤ ቀድሞ በሱዳን ተሰደው የነበሩ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያንም አብረዋቸው ነበሩ። እንዲህ ሲሆን ያው የመተማ መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ ስደተኛ ያለፈበት ሆነ። አቀባበላችን ግን እንከን አልነበረውም ብለን ልንጽፍ አንችልም። በመተማ አካባቢ ኩመርና አውላላ በተባሉት ጣቢያዎች የተቀመጡት ሰዎች ዝርፊያና እገታ ደርሶባቸው፣ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም ብዙዎቹ «ጥበቃ የለንም» ብለው አውላላን ለቅቀው በእግራቸው ወጥተዋል። በኋላ ሁለቱ ጣቢያዎች ተዘግተው ነዋሪዎቹ አፍጢት ወደ ተባለ ስፍራ ተዛውረዋል።

የተቀባዩ ሸክም

«ተቀባይ ማኅበረሰብ» የሚለው ቃል በስብሰባ ላይ ቀላል ሆኖ ይነገራል። ምን ማለት እንደ ሆነ ጋምቤላን አይቶ መረዳት ይቻላል። በ1999 ዓ.ም በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ ወደ 307 ሺህ ነበር። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ በተከታታይ የገቡት ስደተኞች ቁጥር ከ300 ሺህ አልፏል። አንድ ቤተ ሰብ በቤቱ ካለው ሰው ቁጥር የሚተካከል እንግዳ አስገብቶ ለዓመታት ሲኖር ያህል ነው። በዚያ ላይ ከገቡት አብዛኞቹ የኑዌር ሰዎች ሲሆኑ፣ በክልሉ በአኙዋክና በኑዌር መካከል በመሬትና በአስተዳደር ጉዳይ የቆየ ቅሬታ ስላለ ቁጥሩ ራሱ ያስፈራል። አንዳንዱ ሰው ስደተኛውን የሚፈራው ስለሚበላው እህል ሳይሆን በሚዛኑ ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ነው። ይህን ሳያውቁ «ፍቅር ይኑራችሁ» ብሎ መምከር ከሩቅ ሆኖ መናገር ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው ግን የውሃው ጉዳይ ነው። በሰብአዊ ርዳታ ሥራ «ስፊር» የሚባል የመለኪያ መመሪያ አለ። በእርሱ መሠረት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፤ አንድ የቦኖ ቧንቧ ከ250 ሰው በላይ እንዳያገለግል፣ ከቤት እስከ ቦኖው ያለው መንገድ ከ500 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ሰልፉም ከግማሽ ሰዓት እንዳይረዝም ይመክራል። እስቲ አብረን እናስላ። 40 ሺህ ሰው ባለበት ጣቢያ በቀን 600 ሺህ ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው። 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢመላለስ በየቀኑ 60 ጉዞ ይሆናል፤ እሑድም በዓልም ሳይል። ክረምት ሲገባ የጋምቤላ ጥቁር አፈር ቦቴውን ይይዘዋል። ያን ቀን ውሃ የለም።

አሁን ደግሞ ያ ቦቴ የሚያልፍበትን መንደር አስቡ። የመንደሩ እናት ቢጫ ጀሪካኗን ተሸክማ ወደ ወንዝ ስትወርድ በአጠገቧ የተጣራ ውሃ የያዘ መኪና አቧራ አልብሷት ያልፋል። ለማን? ለእንግዳው። በጥናት ክፍላችን የተነሣው ጥያቄ ከዚህች ሴት አፍ ቢወጣ ማን ይፈርድባታል?

መፍትሔው ርዳታውን መከልከል አልነበረም። በኢታንግ የተደረገው ሌላ ነው። የስደተኞቹ የውሃ ሥራና የከተማው የውሃ ሥራ ለየብቻ መቆማቸው ቀርቶ አንድ ላይ ተያያዙ፤ ከጉድጓዶቹ የሚወጣው ውሃ በአንድ መሥመር ለኢታንግ ከተማና በዙሪያው ላሉት ለቴርኪዲ፣ ለኩሌና ለንጉኝኤል ጣቢያዎች እንዲደርስ ተደረገ። የሚያስተዳድረውም የአካባቢው የውሃ አገልግሎት ድርጅት ሆነ። በሶማሌ ክልል ከጅግጅጋ በስተ ምሥራቅ ባለችው በቀብሪበያህም ቀደም ሲል ይህን የመሰለ ተሠርቷል፤ ከጀረር ሸለቆ በቧንቧ የተሳበው ውሃ ስደተኛውንም ከተሜውንም ያጠጣል። በእርግጥ ፓምፑ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይጠማሉ። ግን ያን ጊዜ ቅሬታቸው አንድ ስለሚሆን ለባለሥልጣኑ አብረው ያመለክታሉ እንጂ እርስ በርሳቸው አይካሰሱም።

ከውሃ ቀጥሎ ማገዶ ነው። ለስደተኛው ዱቄትና ክክ ይሰጣል፤ የሚያበስልበት ግን ብዙውን ጊዜ አብሮ አይሰጥም። ስለዚህ ሴቶች ወደ ጫካ ይሄዳሉ። ጫካው የባለ አገሩ ነው፤ ጠብ የሚነሣውም እዚያ ነው። ብዙ ሴቶች የተደበደቡትና የተደፈሩት እንጨት ለመልቀም ሲወጡ ነው። በቀብሪበያህ ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ በሚወጣ ኢታኖል የሚሠራ ምድጃ ለስደተኛ ቤተ ሰቦች ታድሎ ሴቶቹን ከዚህ ጉዞ አሳርፏል። በዶሎ አዶ በኩል ደግሞ ፕሮሶፒስ የተባለውን፣ የግጦሹን መሬት የወረረውን እሾኻማ ዛፍ ቆርጠው፣ አክስለውና ጨቁነው የሚሸጡ ማኅበራት ተቋቁመዋል። አረሙን ማገዶ ማድረግ ብልኅነት ነው።

ስንዴው ለምን ገበያ ላይ ይገኛል?

ይህን ጥያቄ ብዙዎች እንደ ክስ ያቀርቡታል፤ «ቢርባቸው ኖሮ አይሸጡትም ነበር» ይላሉ። እኛ እንደ ተረዳነው ነገሩ እንዲህ ነው። እህሉ በአብዛኛው ሳይፈጭ ይሰጣል። ወፍጮ ቤት በነጻ አይፈጭም። ስለዚህ እናትየዋ ከተሰጣት ላይ ጥቂቱን ሸጣ የቀረውን ታስፈጫለች። ሳሙና፣ በርበሬ፣ ለሕፃን ወተት፣ ለተማሪ ደብተር ከራሽኑ ውስጥ የለም፤ እርሱም ከዚያው ስንዴ ይወጣል። አንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል ተብሎ የተተመነው ሁሉንም ከበላው ነው። ከዓመታት ወዲህ ደግሞ ገንዘብ በማነሱ ራሽኑ ከሙሉው እየተቀነሰ ይሰጣል። ከሰኔ 2015 እስከ መስከረም 2016 ማብቂያ ድረስም የርዳታ እህል ወደ ሌላ ወገን መዛወሩ ስለ ተደረሰበት ሥርጭቱ በመላው አገሪቱ ቆሞ ነበር። እህሉ የተዛወረው በስደተኛው እጅ አልነበረም፤ አራት ወር ያህል ጦሙን ያደረው ግን እርሱ ነው። በ2017 ዓ.ም የአሜሪካ መንግሥት ዩኤስኤይድ የተባለውን የርዳታ መሥሪያ ቤቱን ሲዘጋ ችግሩ ባሰ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ክፍተቱን የሞላው ማን ነው? ጎረቤት ነው። ዱቤ የሰጠው ባለ ሱቅ፣ ለቀን ሥራ የጠራው ገበሬ ነው። ይህ በየትኛውም የርዳታ ሪፖርት ሠንጠረዥ ውስጥ ገንዘብ ሆኖ አይቆጠርም።

ተቀባዩ ራሱ ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚያሳየው ሌላው ስፍራ በሶማሌ ክልል የቦህ ወረዳ ነው። ከጥር 2015 ማብቂያ ጀምሮ በላስዓኖድ ከተማ ውጊያ ሲነሣ ብዙ አሥር ሺህ ሰው ድንበር ተሻግሮ መጣ። አካባቢው ራሱ የተከታታይ ዓመታት ድርቅ ከብቱን የጨረሰበት ነበር። ቢሆንም ነዋሪው እንግዶቹን በየቤቱ አስገባ። ቆየት ብሎ ሚርቃን የተባለው መንደር የተመሠረተው ባለ አገሩ በሰጠው መሬት ላይ ነው፤ የታሰበውም እንደ ጥንቱ ካምፕ በአጥር ተለይቶ ሳይሆን አገልግሎቱ ለሁለቱም እንዲሆን ነው። አንድ ቋንቋና አንድ ጎሣ መሆናቸው ነገሩን እንዳቃለለው አይካድም።

ዶሎ አዶ

አገራችን ከሶማሊያና ከኬንያ ጋር በምትዋሰንበት ጥግ፣ ገናሌና ዳዋ የተባሉት ወንዞች ተገናኝተው ጁባ በሚሆኑበት ስፍራ ዶሎ አዶ ትገኛለች። በዚያ አካባቢ ቦኮልማዮ፣ መልካዲዳ፣ ኮቤ፣ ሂለወይንና ቡራሚኖ የሚባሉ አምስት ጣቢያዎች አሉ። ሦስቱ የተከፈቱት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ሐምሌ 13 ቀን 2003 ዓ.ም የተባበሩት መንግሥታት በደቡብ ሶማሊያ ረኀብ መግባቱን ያወጀበት ጊዜ ነበር። ብዙ እናቶች ከልጆቻቸው መካከል አንዱን ወይም ሁለቱን በመንገድ ቀብረው ነው የደረሱት። ከደረሱ በኋላም በኮቤ ኩፍኝ ገብቶ በምግብ እጥረት የደከሙትን ሕፃናት አጨዳቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሊጠና ይገባዋል። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ አይኬያ ፋውንዴሽን የሰጠው ገንዘብ በእህል ላይ ብቻ አልዋለም። ከገናሌ ወንዝ የመስኖ ቦይ ተቆፈረ፤ የማኅበራቱ መሬት ለስደተኛውም ለባለ አገሩም ተከፋፈለ። መሬቱን ያገኘው ባለ አገሩ ነው፤ ገንዘቡንና ፓምፑን ያመጣው የስደተኛው ስም ነው። አንዱ ያለ ሌላው ማምረት ስለማይችል በአንድ ማኅበር ተመዘገቡ። ሽንኩርት፣ በቆሎና ሀብሐብ ያወጣሉ። የሥጋ ሻጮች፣ የከብት ነጋዴዎችና የፀሐይ ኃይል መብራት የሚዘረጉ ወጣቶች ማኅበራትም አሉ። ዶሎ አዶ ከአዲስ አበባ 1,000 ኪ.ሜ. ገደማ ስለሚርቅ ገበያው ጠባብ ነው፤ የፓምፕ ነዳጅ ይወደዳል፤ ወንዙም ሲሞላ ቦዩን ያበላሸዋል። ከስደተኛው ውስጥ ከማኅበራቱ የተጠቀመው ክፍል ጥቂቱ ነው፤ የቀረው አሁንም ራሽን ጠባቂ ነው። «ዶሎ አዶ ችግሩን ፈታ» የሚሉትን ጽሑፎች በጥንቃቄ ማንበብ ይሻላል። ነገር ግን ውሃ በሌለበት በረሃ ሁለት ድኾችን እንዲሻሙ ማድረግና በአንድ ቦይ እንዲያጠጡ ማድረግ የተለያየ ነው።

በዩጋንዳ ለስደተኞች ከሚመጣው ርዳታ 30 ከመቶው ለነዋሪው እንዲውል የሚያዝ ደንብ አለ። በአገራችን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛው እንዲሠራ፣ እንዲማር፣ ከቦታ ወደ ቦታ እንዲንቀሳቀስ፣ የባንክ ሒሳብ እንዲከፍት ይፈቅዳል። ከአፍሪካ ለጋስ ከሚባሉት ሕጎች አንዱ ነው። በተግባር ግን የሥራ ፈቃድ የያዘው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 100 ሺህ ሥራ ይፈጠራል፣ ከዚያም 30 ሺህ ለስደተኞች ይሆናል ተብሎ የተነገረውም እንደ ተባለው አልሆነም። ለገዛ ወጣቱ ሥራ ያላገኘ አገር ይህን ለመፈጸም መቸገሩ አያስገርምም፤ ይሁን እንጂ ሥራ የተከለከለ ሰው ተመጽዋች ይሆናል፣ ከዚያም «ተመጽዋች ነህ» ተብሎ ይሰደባል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው

ጋምቤላና ዶሎ አዶ ሩቅ ናቸው። ቦሌ ሚካኤልና ጎፋ መብራት ኃይል ግን በታክሲ የሚደረስባቸው ናቸው። በአንደኛው ሶማሌዎች፣ በሌላው ኤርትራውያን ተከራይተው ይኖራሉ። በትግራይ የነበሩት የሽመልባና የሕፃጽ ጣቢያዎች በጦርነቱ ከጠፉ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የመጡት ኤርትራውያን በርክተዋል። «የቤት ኪራይ ያስወደዱት እነርሱ ናቸው» ሲባል እንሰማለን። ከውጭ ዘመድ ገንዘብ የሚላክላቸው መኖራቸው እውነት ነው፤ የማይላክላቸው ግን በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ሆነው ያድራሉ፤ የቤቱ አከራይም ከመካከላችን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። እንደምታውቁት የበጎ አድራጎት ክፍላችን ለስደተኞች ልብስ ይሰብሰብ ብሎ ሐሳብ አቅርቧል። የጥናት ክፍላችን መክሮበት የደረሰበት ይህ ነው። አሮጌ ልብስ በጭነት መኪና ወደ ጋምቤላ ማጓጓዝ ከልብሱ ዋጋ በላይ ያስወጣል። በዚያ ለሚገኙ ስደተኞችና ነዋሪዎች ደግሞ ልብስ መስፋት አንዱ የእንጀራ መንገድ ነው፤ በነጻ የሚበተን ልብስ የልብስ ሰፊውን መኪና ያስቆማል። ሱፍ ካፖርትም ለጋምቤላ ሙቀት አይሆንም። ስለዚህ ወደ ሩቅ ልብስ እንዳይላክ፤ ብርድ ልብስና የሕፃናት ሹራብ ብቻ ተለይቶ በከተማችን ላሉት ይሁን፤ ሲታደልም በስም ዝርዝሩ ላይ ስደተኛ ቤተ ሰብና በዚያው ግቢ የሚኖር የቸገረው ነዋሪ እኩል ይግቡ የሚል ሐሳብ አቅርበናል። አንዳንድ አባላት «ዝርዝሩ ከተቀላቀለ የስደተኛው ድርሻ ይጠፋል» ብለው ተቃውመዋል፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም፤ ነዋሪው አቤት የሚልበት ቀበሌ አለው፤ ስደተኛው የለውም።

በገንዘብ የሚዋጣውን በተመለከተ ገና አልተስማማንም። ግማሾቻችን ለተማሪዎች ደብተርና የደንብ ልብስ ይዋል እንላለን፤ የስደተኛ ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት ከእኛ ታናናሾች ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጣሉና። ግማሾቻችን ደግሞ ለሁለት ወር ኪራይ ላቃታቸው እናቶች ይሰጥ ይላሉ። ሁለቱም ሐሳብ በመጪው እሑድ ከትምህርት በኋላ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቀርባል። የምትመጡ አባላት በየሠፈራችሁ የምታውቁትን ቤተ ሰብ ስም ሳትጠሩ፣ ስንት ልጅ እንዳለና ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋቸው ምን እንደ ሆነ ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። የነዋሪውንም ጭምር።